የጥርስ ኢምፕላንት ለማን ይሆናል፣ ለማንስ አይሆንም? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥርስ የወለቀበት ሰው ክሊኒክ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። እኛ ግን ዋጋውን ወደ መጨረሻ ገፋ አድርገነዋል። አጥንቱ፣ ድዱና ስኳሩ ሳይታይ የሚነገር ዋጋ ግምት ነው፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሲመረመር ኢምፕላንት ጭራሽ የማያስፈልገው ሆኖ ይገኛል።

ኢምፕላንት ምንድን ነው? ከብሪጅና ከተነቃይ ጥርስ በምን ይለያል?

በወለቀው ጥርስ ሥር ቦታ፣ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎን ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ አጥንት ውስጥ የሚቀበረው ብሎን፣ ከድድ ብቅ የሚለው አባትመንት የሚባል አገናኝ፣ ከላይ የሚታሰረው ሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም ክራውን። ብሎኑ በአብዛኛው ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። ቲታኒየም የተመረጠው አጥንት እንደ ባዕድ ነገር ስለማይገፋው፣ ይልቁንም ዙሪያውን አድጎ ስለሚይዘው ነው። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ይህን በ1950ዎቹ በጥንቸል አጥንት ላይ አስተውሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ አክሟል።

ብሪጅ ግን አጥንት ውስጥ አይገባም። ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ይሞረዱና የጎደለውን ተሸክመው ይይዙታል። ተነቃዩ ድድ ላይ አርፎ ማታ የሚወልቀው ነው። ሦስቱንም ሰው «ጥርስ አስተከልኩ» ስለሚል፣ ጎረቤትዎ የከፈለውን ሲነግርዎ የትኛውን እንደሆነ ይጠይቁት።

ባጭሩ፣ የሚሆነው ለማን ነው?

ዕድገቱን ለጨረሰ፣ ድዱ ጤነኛ ለሆነ፣ ስኳሩና ደም ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ላለ፣ ብሎኑን የሚይዝ አጥንት ላለውና ጥርሱን በቀን ሁለት ጊዜ ለሚቦርሽ ሰው። አንዱ ቢጎድል አብዛኛውን ጊዜ ተስተካክሎ ይሠራል። ለማስተካከል የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነው፤ አጥንት ይሞላል፣ ስኳር በመድኃኒት ይወርዳል፣ ሃያ ዓመት ያልተቦረሸ አፍ ግን በአንድ ምክር አይለወጥም።

እናቴ 68 ዓመታቸው ነው። አልፎባቸዋል?

አላለፈባቸውም፤ ላይኛው የዕድሜ ጣሪያ የለም። የሚታየው የሚወስዱት መድኃኒት፣ የቁስላቸው አዳን፣ እንዲሁም እጃቸው ብሩሽ ይዞ የኋላ ጥርስ ጋ መድረስ መቻሉ ነው። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም መርሳት የጀመራቸው ከሆነ በየቀኑ የሚያጸዳላቸው ሰው ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

ታችኛው ገደብ ግን አለ። ሴት ልጅ እስከ 18፣ ወንድ ልጅ እስከ 20 እና 21 ድረስ መንጋጋው ሊያድግ ይችላል። የተፈጥሮ ጥርስ ከመንጋጋው ጋር ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ይሄዳል፤ ኢምፕላንት ግን ከአጥንቱ ጋር ስለተጣበቀ ባለበት ይቀራል። በ15 ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ወይም ከሞተር ወድቆ የፊት ጥርሱ የተሰበረ ልጅ ወዲያው ቢተከልለት፣ በ20 ዓመቱ ያ ጥርስ ከጎረቤቶቹ አጥሮ ይታያል። እስከዚያ ትንሽ ተነቃይ ጥርስ፣ ወይም ከጎን ጥርስ ጀርባ ሳይሞረድ የሚለጠፍ ብሪጅ ይበቃዋል። በሕፃንነታቸው የወተት ጥርስ በልማድ ሲነቀልባቸው ከሥር ያለው የቋሚው ጥርስ ቡቃያ ተጎድቶ ክራንቻቸው ያልበቀለ ወጣቶችም በዚሁ ሕግ ይጠብቃሉ። እነሱ ላይ ደግሞ ክፍተቱ የጠበበ ስለሚሆን መጀመሪያ ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ ሊያስፈልግ ይችላል።

ጥርሴ ከወለቀ ዐሥር ዓመት ሆኖኛል። አጥንት ይኖረኛል?

ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤ በዓይን አይታወቅም። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የአጥንቱ ስፋት በመጀመሪያው ዓመት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፣ አብዛኛው የሚጠፋው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከዚያ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ተነቃይ ጥርስ ለዓመታት ያደረገ ሰው ላይ ይብሳል፤ ድዱን በየቀኑ ስለሚጫነው ከሥሩ ያለው አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል። ጣትዎን በጎደለው ቦታ ላይ ቢያሳልፉ ሰፊና ክብ የሆነ ድድ ጥሩ ምልክት ነው፣ እንደ ቢላ ስለት የሾለ ከሆነ ግን ቀጭን አጥንት ይጠረጠራል። ይህም አያስተማምንም፤ ወፍራም ድድ ቀጭን አጥንት ሊሸፍን ይችላል።

ቦታውም ይወስናል። በታችኛው መንጋጋ ፊት ለፊት አጥንቱ ጠንካራና ብዙ ነው። በታችኛው መንጋጋ ኋላ ግን ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በአጥንቱ ውስጥ ያልፋል። በላይኛው መንጋጋ ኋላ ደግሞ ሳይነስ የሚባለው በአየር የተሞላ ክፍተት አለ፣ ጥርስ ሲነቀል ወደ ታች ይወርዳል፤ አጥንቱም እዚያ ለስለስ ያለ ነው።

አጥንቱ የሚለካው እንዴት ነው? ተራ ራጅ አይበቃም?

ትንሿ የጥርስ ራጅ የጎረቤት ጥርሶችን ሥር ታሳያለች። ፓኖራማ የሚባለው ራጅ ሁለቱንም መንጋጋ በአንድ ሥዕል ያሳያል፣ ግን ስፋትን አያሳይም፤ መጠኑንም አጉልቶ ነው የሚያወጣው። ስፋት የሚታየው ሲቢሲቲ በሚባለው ባለ ሦስት ገጽታ ራጅ ነው። ክሊኒኩ መሣሪያው ከሌለው ወደሚገኝበት ልኮ ያስነሳል። በተለይ ለኋላ ጥርሶች ያለ እሱ ልሥራልህ ከሚል ባለሙያ እንዲርቁ እንመክራለን።

ስሌቱን ይዩት። የአጥንቱ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 4 ሚሊ ሜትር ብሎን ሲገባ ከውጭና ከውስጥ 1፣ 1 ሚሊ ሜትር ይቀራል፤ ይህ ዝቅተኛው ነው። ከነርቩ በላይ 12 ሚሊ ሜትር ቁመት ካለ፣ 2 ሚሊ ሜትር ለደኅንነት ይተውና የ10 ሚሊ ሜትር ብሎን ይመረጣል። በጎን ከጎረቤት ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር መራቅ ስላለበት፣ ለአንድ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ብሎን በሁለት ጥርሶች መካከል 7 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ሁለት ሲሆኑ በመካከላቸው 3 ሚሊ ሜትር ይጨመርና 14 ይደርሳል። ጥርስ ከወለቀ ብዙ ዓመት ሲሆነው ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይጋደማሉ፣ ፊት ለፊት ያለውም ወደ ባዶው ቦታ ይወርዳል። አጥንት ሞልቶ ለክራውኑ ቦታ የሚጠፋው ያኔ ነው።

አፍዎ ምን ያህል እንደሚከፈትም ይታያል። ሦስት ጣትዎ ቆሞ ካልገባ ለኋላ ጥርስ መሣሪያው አይገባም።

አጥንቴ ካነሰ መሙላት ይቻላል? የሚሞላውስ ከምን የተሠራ ነው?

ይቻላል፣ ግን ጊዜና ገንዘብ ይጨምራል። ጥቂት ከጎደለ ብሎኑ ሲገባ አብሮ ይሞላል። ብዙ ከጎደለ መጀመሪያ ይሞላና ከ4 እስከ 9 ወር ይጠበቃል። በላይኛው መንጋጋ ኋላ የሳይነሱ ወለል ከፍ ተደርጎ ከሥሩ ይሞላል። ደሴ ውስጥ «ሳይነስ አለብኝ» የማይል ሰው ጥቂት ነው፤ በእርግጥ የተቆጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይታከማል። ከዚህ ሥራ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል አፍንጫን በኃይል መናፈጥ አይፈቀድም፣ ማስነጠስም አፍን ከፍቶ ነው። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ለመብረር ቀጠሮ ያለው ሰውም አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

መሙያው ከራስዎ መንጋጋ የተወሰደ አጥንት፣ ከከብት አጥንት የተዘጋጀ፣ ከሰው የተለገሰ ወይም ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል። ከላይ የሚለብሰው ኮላጅን የሚባል ስስ ሽፋን ግን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ይሠራል። ወሎ ላይ ይህ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ባለሙያውም ሳይጠየቅ ላይናገር ይችላል። ማሸጊያው ላይ ምንጩ ተጽፏል። ከከብት የተሠራም ሰው ሠራሽም አለና ከቀዶ ሕክምናው ቀን በፊት ይጠይቁ፤ አልጋ ላይ ከተኙ በኋላ ምርጫ የለም።

ስኳር አለብኝ። ይከለከላል?

ስኳር መኖሩ አይከለክልም፣ ያልተያዘ ስኳር ግን ይከለክላል። የሚታየው የዛሬ ጠዋት ልኬት ሳይሆን ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚባለው፣ ያለፉትን 2 እና 3 ወራት አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው። ከ7 በመቶ በታች ከሆነ ብዙም አያሳስብም። ከ7 እስከ 8 ድረስ በጥንቃቄ ይሠራል፣ ክትትሉ ጠበቅ ይላል። ከ8 በላይ ከሆነ ይቆይ። ስኳር ከፍ ሲል ትናንሽ የደም ሥሮች ይጎዳሉ፣ ነጭ የደም ሴል ይደክማል፣ ቁስል ይዘገያል፤ ብሎኑ አጥንት ሳይዘው ኢንፌክሽን ይቀድመዋል።

በቀዶው ቀን ቁርስዎን በልተው፣ መድኃኒትዎን እንደወትሮው ወስደው በጠዋት ይምጡ። ማደንዘዣው በሥፍራው ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም። ሰዎች «ቀዶ ሕክምና ነው» ብለው ሳይበሉ ኢንሱሊን ወግተው ይመጣሉ፤ ወንበር ላይ ስኳራቸው ወርዶ የሚያልባቸውና የሚያዞራቸው ያኔ ነው።

ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ደም ማቅጠኛ ካለብኝስ?

ግፊቱ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያን ቀን ምንም አይሠራም። ብዙ ባለሙያዎች ከ160 በ100 በላይ ሲሆንም ቀጠሮ ይለውጣሉ። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ ከያዘው 6 ወር ያልሞላው ሰው ይጠብቃል።

አስፕሪንም ሆነ ዋርፋሪን በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ። ለአንድ ሁለት ብሎን የሚወጣውን ደም በስፌትና በጋዝ ማቆም ይቻላል፤ መድኃኒት በማቆም የሚመጣ የደም መርጋት ግን ሊገድል ይችላል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይኤንአር የሚባለውን፣ ደም ለመርጋት የሚፈጀውን ጊዜ የሚያሳየውን የደም ምርመራ በዚያው ሰሞን አሠርቶ ያምጣ፤ ከ3.5 በላይ ከሆነ መጀመሪያ ይስተካከላል።

ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ወይም ቀድሞ የልብ ውስጠኛ ክፍል ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ከሥራው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ አንቲባዮቲክ ይወስዳል፤ የተለመደው ለአዋቂ 2 ግራም አሞክሲሲሊን ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ ልባቸው ተጎድቶ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ ሰዎች ይህን ሳይናገሩ እንዳይተኙ፤ ፔኒሲሊን የለመደ ጀርም ሊኖር ስለሚችል ሌላ መድኃኒት ሊመረጥላቸው ይችላል።

ጫት እቅማለሁ። ማቆም አለብኝ?

እዚህ አካባቢ ከስኳር ቀጥሎ በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነው፣ እውነቱን ሸፋፍኖ የሚመጣውም በዚሁ ነው። ጫት መቃም በራሱ በር አይዘጋም። ነገር ግን አራት ነገር ይዞ ይመጣል። አንደኛ፣ አፍ ያደርቃል፤ ምራቅ ሲያንስ ባክቴሪያ ይበዛል። ሁለተኛ፣ ቅጠሉ በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ተወትፎ ስለሚቆይ በዚያ ወገን ያለው ድድ ይሸሻል፣ ይነጣል። ሦስተኛ፣ አብሮት ሻይ በብዙ ስኳር፣ ለስላሳ፣ ሲጋራ ወይም ሺሻ ይመጣል። አራተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል። ማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊንም ይጨምራል። በርጫ ላይ አምሽቶ ወይም ጠዋት ቅሞ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ልቡ ቢዘልና ግፊቱ ቢወጣ አይገርምም።

ስለዚህ ከቀዶው በፊት ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ ከቀዶው በኋላ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ጫት የለም። ቅጠሉ ስፌቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲያወጡት ክሩ አብሮ ይሳባል። ከዚያ በኋላም ብሎኑ አጥንት እስኪይዘው ድረስ በዚያ ወገን አይወተፍ። ለዱዓም ሆነ ለጨዋታ ከተቀመጡ ውኃ እየጠጡ፣ ሲጨርሱ ተጉመጥምጠው፣ ሳይቦርሹ አይተኙ። በየቀኑ ከሰዓት እስከ ማታ የሚቅም፣ የሚያጨስና የማይቦርሽ ሰው ግን ገንዘቡን ቢይዝ ይሻላል።

ሲጋራና ሺሻስ?

በሚያጨስ ሰው ላይ ኢምፕላንት የመውደቁ ዕድል ከማያጨሰው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ ኒኮቲን የድድን ደም ሥር ያጠባል። ጭራሽ ማቆም ካልተቻለ፣ ከቀዶው አንድ ሳምንት በፊትና ከቀዶው በኋላ 8 ሳምንት። ሺሻ «ውኃ ያጣራዋል» የሚባለው ከንቱ ነው፣ ኒኮቲኑ ያው ነው።

ስቦርሽ ድዴ ይደማል፣ አንዳንድ ጥርሴም ይነቃነቃል። ሁሉን ነቅዬ ኢምፕላንት ላስገባ?

አይቸኩሉ። ጥርስዎን የሚያነቃንቀው የድድ በሽታ አፍዎ ውስጥ እያለ ብሎን ቢገባ ያው በሽታ ወደ ብሎኑ ይሻገራል። እንዲያውም ይብሳል፤ ተፈጥሯዊ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያስረው ክርና የመከላከያ ሽፋን በኢምፕላንት ዙሪያ የለም፣ አጥንቱ ሳያምዎት በዝምታ ይበላል። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ጥልቅ የጥርስ እጥበት፣ ከዚያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቆ ድዱን በመለኪያ መፈተሽ። መድማቱ ከቆመና በድድና በጥርስ መካከል የተፈጠሩት ኪሶች ከጠበቡ ስለ ኢምፕላንት ይወራል።

የተቦረቦረ ጥርስም እንዲሁ። ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ሩት ካናል፣ ማለትም ነርቩን አጽድቶ መሙላትና በክራውን መሸፈን ይቀድማል። የራስን ጥርስ የሚያክል ኢምፕላንት የለም። ይህን የማይነግርዎ ክሊኒክ የሚሸጠው ብሎን ነው።

ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር መድኃኒት እወስዳለሁ።

ይህን ሳይናገሩ ጥርስ እንኳ አያስነቅሉ። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አሌንድሮኔት የሚባለው እንክብልና በየ6 ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብ የመንጋጋ አጥንት ከቁስል እንዳያገግም ሊያደርጉ ይችላሉ። እንክብሉን ከ4 ዓመት በላይ የወሰደ ሰው ስጋቱ ከፍ ይላል፤ መድኃኒቱን ካዘዘው ሐኪም ጋር ተመካክሮ ይወሰናል። ለካንሰር ዞሌድሮኒክ አሲድ በደም ሥር የሚወስድ ሰው ላይ ኢምፕላንት አይደረግም። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው እስኪጨርስና ደሙ እስኪስተካከል ይጠብቃል። ፊቱና አንገቱ ላይ የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰው ጉዳይ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም የሚወስነው ነው።

ከኤችአይቪ ጋር የምኖር ብሆንስ?

መድኃኒትዎን በሥርዓት የሚወስዱና ቫይረሱ በቁጥጥር ሥር ከሆነ ይሠራል።

ነፍሰ ጡር ነኝ።

ከወለዱ በኋላ። እስከዚያ እጥበትና የተቦረቦረ ጥርስ ሕክምና ይደረግልዎታል።

ማታ ጥርሴን አፋጫለሁ። ድዴም የተነቀሰ ነው።

ንቅሳቱ ምንም አያግድም፤ ድዱ የሚቀደድበት መስመር ላይ ብቻ ቀለሙ ሊሳሳ ይችላል፣ ፈገግ ሲሉ ድድዎ የሚታይ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ማፋጨቱ ግን ክራውን ይሰነጥቃል፣ ብሎን ያላላል። ማታ የሚደረግ የጥርስ መከላከያ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሠራልዎ።

ጥርሴን ነቅላችሁ ዕለቱኑ መትከል አትችሉም? በቴሌግራምና በቲክቶክ «በሦስት ቀን አዲስ ጥርስ» ይላሉ።

አንዳንዴ ይቻላል። የተነቀለው ጥርስ መግል ካልያዘ፣ በዙሪያው ያለው የአጥንት ግድግዳ ካልተሰበረና ብሎኑ ሲታሰር ቢያንስ 35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር ጥብቀት ካገኘ ጊዜያዊ ጥርስ ሊደረግበት ይችላል። ይህ ጊዜያዊ ጥርስ ለመልክ ነው፣ አይታኘክበትም። ብሎኑ አጥንት በሚይዝበት ወራት ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ ብዙም ያልበለጠ መነቃነቅ ዙሪያውን በአጥንት ፈንታ ሥጋ እንዲሞላው ያደርጋል፤ ያኔ አለቀ። በሦስተኛው ቀን ቆሎ የሚያስቆረጥም ማስታወቂያ ካዩ ይለፉት።

የጎደለ ጥርስ ሁሉ መተካት አለበት?

የለበትም። የአእምሮ ጥርስ የሚባለው ሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ አይተካም። ከበስተኋላ ያለው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስም፣ ፊት ለፊቱ የሚገጥመው ከሌለና ማኘክ ካልተቸገሩ፣ ባይተካ ብዙ ነገር አይጎድልዎትም፤ የሚገጣጠሙ 20 ጥርሶች ያሉት ሰው በደንብ ይበላል። ገንዘቡ ለአንድ ብሎን ብቻ ከበቃ ከፊት ያለውን ወይም የመጀመሪያውን መንጋጋ ጥርስ ይምረጡ። በጎደለው ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ቀድሞውንም ክራውን የሚፈልጉ ከሆኑ ብሪጅ የተሻለ ምርጫ ነው።

አባቴ አንድም ጥርስ የላቸውም፣ የታችኛው ተነቃይ እየተንሸራተተ አስቸገራቸው።

ኢምፕላንት ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። በታችኛው መንጋጋ ፊት ለፊት፣ አጥንቱ ጠንካራ በሆነበት፣ ሁለት ብሎን ብቻ ይገባና ተነቃዩ በላዩ ላይ እንደ ልብስ ቁልፍ ቀጭ ብሎ ይያዛል። ነርቩ ከዚያ ቦታ ራቅ ያለ ነው፣ አጥንት መሙላትም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ማታ አውልቀው ያጥቡታል። የሚያልቀው ቁልፉ ውስጥ ያለው ላስቲክ ነው፣ በየጊዜው ይቀየራል፤ መለወጫው የሚገኝ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ስንት ምልልስ አለው? አዲስ አበባ ልሠራ ወይስ እዚሁ?

ምርመራና ራጅ አንድ ቀን፤ ብሎኑ የሚገባበት ቀን፣ ለአንድ ጥርስ አንድ ሰዓት ገደማ፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ክር መውጫ። ከዚያ ለታችኛው መንጋጋ ከ3 እስከ 4፣ ለላይኛው ከ4 እስከ 6 ወር ጥበቃ። ቀጥሎ ድዱ ይከፈትና ቅርጽ ማስያዣ ይታሰራል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልክ ይወሰዳል፣ በመጨረሻም ክራውኑ ይገጠማል። አምስትና ስድስት ጉዞ ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ መምጣት ላያስቸግር ይችላል፤ ከባቲ፣ ከሐይቅ ወይም ከከሚሴ የሚመጣ ግን የቀጠሮውን ቀን ከወዲሁ ያስላ።

አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ከተሠሩ ሁለት ነገር ይዘው ይመለሱ። አንደኛው የብሎኑ ስም፣ ውፍረት፣ ርዝመትና የምርት ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ነው። ከዓመታት በኋላ ብሎኑ ቢላላ ደሴ ያለው ባለሙያ ለዚያ ስሪት የሚሆን መፍቻ ያስፈልገዋል፤ ካርድ ከሌለ የሚሆነውን መፍቻ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው። ሁለተኛው ክርዎን የሚያወጣና ችግር ቢመጣ የሚያይዎ እዚህ ያለ ሐኪም ስም ነው።

ጾም ላይ ብሠራስ?

አንቲባዮቲኩ በየ8 ሰዓቱ ከሆነ ከረመዳን ጾም ጋር አይሄድም፤ ከኢድ በኋላ ወይም ረመዳን ከመግባቱ ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ይቀጠሩ። በዐቢይ ጾም አጥሚት፣ ለስላሳ ሽሮ ፍትፍት፣ የምስር ሾርባ ሞልቶ ስላለ ምግቡ አያስቸግርም፤ ግን ለብ ያለ ይሁን፣ ትኩስ ነገር የረጋውን ደም ያቀልጠዋል። መድኃኒትና አፍ መጉመጥመጥን በተመለከተ ሼሁን ወይም የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ምን ሊበላሽ ይችላል?

በደንብ ተመርጦ በተሠራ ሰው ላይ ከመቶ ኢምፕላንት 95 ያህሉ ዐሥር ዓመት ይቆያል። ቀድሞ የሚወድቀው ሦስት ዋና ምክንያት አለው። አጥንቱ ሲበሳ ከ47 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ከጋለ ይሞታል፤ ለዚህ ነው መብሻው ስለታም መሆን፣ ቀዝቃዛ የጨው ውኃም ሳይቋረጥ መፍሰስ ያለበት። ሁለተኛው ኢንፌክሽን ነው፤ የብሎኑ ማሸጊያ እርስዎ ፊት እንዲከፈት መጠየቅ ነውር አይደለም። ሦስተኛው ቀድሞ ማኘክ ነው። ቆይቶ የሚመጣው ደግሞ ከላይ ያልነው የድድና የአጥንት መበላት ነው።

እብጠት እስከ ሦስተኛ ቀን ይጨምርና ይቀንሳል፣ ይህ የተለመደ ነው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሕመሙ ከባሰ ይመለሱ። ማደንዘዣው ለቆ ሲያበቃ ከንፈርዎ ወይም አገጭዎ አሁንም ከደነዘዘ ግን ማግስቱን አይጠብቁ፤ ብሎኑ ነርቩን ተጭኖት ሊሆን ይችላል፣ በመጀመሪያው አንድ ቀን ተኩል ውስጥ ቢወጣ ስሜቱ የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ነው።

መፋቂያ ይበቃል?

መፋቂያ ጥሩ ነው፣ ጫፉ በደንብ ተፍቆ ለስልሶ ድዱን ካልወጋ። በጥርስና በጥርስ መካከልና ከክራውኑ ሥር ግን አይደርስም፤ እዚያ የጥርስ ክር ወይም ትንሿ የመካከል ብሩሽ ትገባለች። በዓመት አንድ ሁለቴ እጥበትና ራጅ አለ።

ዋጋው ስንት ነው?

የሚከፈለው ለራጅ፣ ለብሎኑ፣ ለአገናኙ፣ ለክራውኑና ካስፈለገ ለአጥንት መሙያው ነው። «ኢምፕላንት ይህን ያህል ነው» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የብሎኑን ብቻ ነው የሚናገረው። ዕቃው ከውጭ የሚገባ በመሆኑና ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ተመን ስለሚመነዘር የዓምናው ዋጋ ለዘንድሮ አይሠራም። ጠቅላላውን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ክራውኑ ከምን እንደሚሠራ፣ ብሎኑ ከወደቀ ድጋሚው በማን ወጪ እንደሆነ፣ ክፍያው በየደረጃው መሆኑን ያስጽፉ።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ምን ይዤ ልምጣ?

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነፓኮው፣ የባህል መድኃኒትም ካለ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ከ3 ወር ያልበለጠ የኤዋንሲ ውጤት፣ የልብ ክትትል ካለዎ የካርድዎን ቅጂ፣ ድሮ የተነሡት የጥርስ ራጅ ካለ እሱንም። ተነቃይ ጥርስ ካለዎ ቤት ጥለውት አይምጡ፤ ሐኪሙ እንዴት እንደሚገጥም ያየዋል፣ ብሎኑ እስኪይዝ በሚጠበቁት ወራትም እሱኑ አስተካክሎ ሊያስለብስዎ ይችላል።